ኳርተርባክ ወይስ ጠባቂዎቹ? በአሜሪካ ፉትቦል ድራፍት የቅድሚያው ጥያቄ

በየዓመቱ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የአሜሪካ ፉትቦል ክለቦች ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ይመርጣሉ። በየዓመቱም አንድ ክርክር ይነሳል፦ ደካማ ክለብ የመጀመሪያ ተራውን ለኳርተርባክ ያውል ወይስ ኳርተርባኩን ለሚጠብቁት የመስመር ተጫዋቾች? ከዚህ በታች የጨዋታው መሠረታዊ አሠራር ይቀድምና የክርክሩ ምክንያቶችና ታሪኩ ይከተላሉ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጨዋታው አካሄድ

የአሜሪካ ፉትቦል በሌላው ዓለም እግር ኳስ ከሚባለው የተለየ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በአብዛኛው በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ በእግር የሚመታው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ (91 ሜትር ያህል) ይረዝማል። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት ከገፋ ሌላ አራት ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱ ለተጋጣሚው ያልፋል። ኳሱን ከግብ መስመሩ ያሳለፈ ቡድን ተችዳውን (ስድስት ነጥብ የሚያስገኝ ግብ) አስቆጠረ ይባላል።

ወደ ፊት የመግፊያው መንገድ ሁለት ነው፤ ኳሱን ይዞ መሮጥ ወይም ወደ ፊት ለሚሮጥ ጓደኛ መወርወር። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ሩጫው ያመዝን ነበር። በ1978 ግን ክለቦቹ የሚወዳደሩበት ሊግ ሁለት ሕጎችን አሻሻለ። ተከላካዮች ከአምስት ያርድ ባሻገር ኳስ ተቀባዮችን እንዳይነኩ ተከለከሉ፤ የመስመር ተጫዋቾች ደግሞ ክንዳቸውን ዘርግተው በተከፈተ መዳፍ እንዲገፉ ተፈቀደላቸው። ሁለቱም ለውጦች ውርወራን አቀለሉ። ከዚያ ወዲህ የወርዋሪው ዋጋ እያደገ ሄደ፤ የጠባቂዎቹም ዋጋ አብሮ ጨመረ። ዛሬ የሚሰማው ክርክር የዚህ ለውጥ ውጤት ነው ማለት ይቻላል።

የኳርተርባክ ሥራ

ኳርተርባክ የማጥቃት ቡድኑ መሪና ወርዋሪ ነው። በእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ ኳሱ ወደ እሱ ይመጣል። ለሯጭ ማቀበሉን፣ ለአንዱ ተቀባይ መወርወሩን ወይም ራሱ ይዞ መሮጡን የሚወስነው እሱ ነው። ውሳኔው በአማካይ ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የተከላካዮቹን አሰላለፍ ማንበብ፣ የትኛው ተቀባይ ነፃ እንደሚሆን አስቀድሞ መገመትና ኳሱን ሰውዬው ገና ወዳልደረሰበት ቦታ መላክ ይጠበቅበታል።

በሜዳው ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ሌላ ተጫዋች የለም። ጎበዝ ኳስ ተቀባይ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ኳሱን አሥር ጊዜ ያህል ቢነካ ብዙ ነው፤ ኳርተርባኩ ግን በሁሉም የማጥቃት ሙከራ ማለት ይቻላል ይነካዋል። ስለዚህ በሌላው ቦታ ሁሉ ደህና የሆነ ክለብ በዚህ ቦታ ብቻ ቢደክም ዓመቱን ሙሉ ሊቸገር ይችላል። ችሎታው ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። በሊጉ ያሉት 32 ክለቦች በመሆናቸው ሥራው 32 ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ቁጥር እንኳ በጥሩ ኳርተርባክ የተሞላበት ዓመት አይታወቅም።

የመስመር ተጫዋቾች ሥራ

የማጥቃት መስመር ተጫዋቾች አምስት ናቸው። መካከል ላይ ሴንተር (ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብል) ይቆማል፤ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ደግሞ ሁለት ታክሎች ይሰለፋሉ። አብዛኞቹ ከ136 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። በተለመደው ጨዋታ ኳስ አይቀበሉም፣ ነጥብ አያስቆጥሩም። በሩጫ ጊዜ ተከላካዮችን ገፍተው መንገድ ይከፍታሉ፤ በውርወራ ጊዜ ኳርተርባኩን ከበው ይጠብቃሉ። ጥበቃው ሲሰበር ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር ይጣላል፤ ይህ ሳክ ይባላል። በመከላከሉ ወገንም የመስመር ተጫዋቾች አሉ፤ እዚህ ላይ የሚወራው ግን ስለ ማጥቂያው መስመር ብቻ ነው።

ከአምስቱ ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጠው ለግራው ታክል ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዘጋጅ ጀርባው ወደ ግራ ይዞራል፤ ከዚያ ወገን የሚመጣውን አያየውም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አገር ያየው ኖቬምበር 18 ቀን 1985 ነው። በዚያ ምሽት በቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፈ ጨዋታ የኒው ዮርኩ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጆ ታይዝማንን ሲጥለው እግሩ ተሰበረ። ታይዝማን ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም። ለረጅም ጊዜ ስማቸው እንኳ በማይጠራ የመስመር ተጫዋቾች ላይ ትልቅ ገንዘብ መፍሰስ የጀመረው እንደ ቴይለር ያሉ ፈጣን አጥቂ ተከላካዮች ከታዩ በኋላ ነው።

የድራፍት አሠራር

ድራፍት (አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ ሥርዓት) የተጀመረው በ1936 ነው። ሐሳቡን ያቀረበው የፊላደልፊያ ክለብ ባለቤት የነበረው በርት ቤል ነው። ከዚያ በፊት ሀብታም ክለቦች ጎበዝ ወጣቶችን በገንዘብ ይሰበስቡ ስለነበር ደሃዎቹ እንደ ደከሙ ይቀሩ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት በዓመቱ ከሁሉ የከፋ ውጤት ያስመዘገበው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይሆናል። ዛሬ ምርጫው ሰባት ዙር አለው። በ1936 መጀመሪያ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በሊጉ አንድም ቀን አለመጫወቱ ደግሞ ሥርዓቱ ከመነሻው ዋስትና እንዳልነበረው ያሳያል።

ተራ ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ወደ ፊት መምጣት የፈለገ ክለብ የራሱን ተራና የሚቀጥሉትን ዓመታት ተራዎች ጨምሮ ይሰጣል። ስለዚህ ኳርተርባክ ለማግኘት ወደ ፊት የወጣ ክለብ የሚከፍለው በዚያ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ወደፊት መስመሩን ሊገነባባቸው የሚችላቸውን ተራዎችም ያጣል። የጥያቄው እውነተኛ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የገንዘቡ ሒሳብ

በ1994 ሊጉ የደመወዝ ጣሪያ (አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊከፍል የሚችለው ከፍተኛ መጠን) አወጣ። የመጀመሪያው ጣሪያ 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024 255.4 ሚሊዮን ደርሷል። ጣሪያ ባለበት ለአንዱ የተከፈለ ገንዘብ ከሌላው የተቀነሰ ነው። ባለቤቱ የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ይህን ሊያልፈው አይችልም።

ሁለተኛው ለውጥ በ2011 ሊጉና ተጫዋቾቹ ባደረጉት አዲስ ስምምነት መጣ። እስከዚያ ድረስ መጀመሪያ የተመረጠ ወጣት ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ከብዙ ነባሮች በላይ ይከፈለው ነበር። በ2010 መጀመሪያ የተመረጠው ኳርተርባክ ሳም ብራድፎርድ ለስድስት ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ፤ ከዚህ ውስጥ 50 ሚሊዮኑ የተረጋገጠ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በአዲሱ ስምምነት መጀመሪያ የተመረጠው ካም ኒውተን ለአራት ዓመት ያገኘው 22 ሚሊዮን ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ የአዲስ ገቢዎች ክፍያ የሚወሰነው በተመረጡበት ተራ እንጂ በሚጫወቱበት ቦታ አይደለም።

ውጤቱ ለኳርተርባክ አደላ። በ2024 መጀመሪያ የተመረጠው ኬሌብ ዊሊያምስ ለአራት ዓመት 39.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተፈረመለት። በዚያው ዓመት የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በአማካይ በዓመት 60 ሚሊዮን የሚያስገኝ ውል ፈረመ። የነባር ታክሎች ከፍተኛ ክፍያ በዚያን ጊዜ 28 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ተራ የተገኘ ጥሩ ኳርተርባክ በየዓመቱ 50 ሚሊዮን ያህል ያተርፋል፤ በዚያው ተራ የተገኘ ጥሩ ታክል የሚያተርፈው ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የተረፈው ገንዘብ ደግሞ በገበያ ላይ ነባር ጠባቂዎችን ሊገዛ ይችላል። ኳርተርባክ ይቅደም የሚሉ ወገኖች ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው።

ኳርተርባክን መምረጥ የሚከብድበት ምክንያት

ሒሳቡ የሚሠራው የተመረጠው ወጣት በእርግጥ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ነው። በ1998 መልማዮች (ተጫዋቾችን እየዞሩ የሚገመግሙ ባለሙያዎች) ከሁለት ኳርተርባኮች ማን እንደሚበልጥ ተከራከሩ። ኢንዲያናፖሊስ ፔይተን ማኒንግን መጀመሪያ ወሰደ፤ ሳን ዲየጎ ራያን ሊፍን ሁለተኛ መረጠ። ማኒንግ አምስት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ ሊፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሊጉ ወጣ። በ2007 ኦክላንድ መጀመሪያ የወሰደው ጃማርከስ ራስል የተጫወተው ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነው።

ስህተቱ የሚመነጨው ከመልማዮች ስንፍና አይደለም። የኳርተርባክ ዋናው ችሎታ አእምሮ ውስጥ ያለ ፍጥነት ነው፤ በሰዓትና በሜትር አይለካም። በዩኒቨርሲቲ ያለ ጠንካራ ቡድን ኳርተርባኩን ከደካማ ተጋጣሚዎች ጋር ያገናኘዋል፤ ተቀባዮቹ ነፃ ሆነው ይጠብቁታል። በሊጉ ግን ተቀባይ ነፃ የሚሆነው ለቅጽበት ነው። ያንን ቅጽበት ማየት የሚችልና የማይችል ሰው በዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ተመሳሳይ መስለው ሊታዩ ይችላሉ።

ከዚህ በላይ የሚጎዳው ችኮላ ነው። ኳርተርባክ የሌለው ክለብ፣ አሠልጣኙም ሥራ አስኪያጁም ሥራቸውን ለማጣት የተቃረቡበት ክለብ፣ በዚያ ዓመት ያለውን ምርጥ ኳርተርባክ ጥሩ ኳርተርባክ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የድራፍት ታሪክን መርምረው ክለቦች ለቀዳሚ ተራዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉ አሳይተዋል፤ በገዛ ግምት ላይ ከመጠን በላይ መተማመን ዋናው ምክንያት ነው ብለዋል። ቴለር በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። ክለቦች ግን አሁንም ወደ ፊት ለመውጣት ይሻማሉ። በ2021 ሳን ፍራንሲስኮ ከ12ኛ ወደ ሦስተኛ ተራ ለመምጣት የራሱን ተራ፣ የሁለት ተከታይ ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችንና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ሰጥቶ ትሬይ ላንስን ወሰደ። ላንስ ለክለቡ በቋሚነት የጀመረው አራት ጨዋታ ብቻ ነው።

አንድ ጥሩ ጠባቂ የሚለውጠውና የማይለውጠው

ራስል መጀመሪያ በተመረጠበት በ2007 ክሊቭላንድ ሦስተኛ ተራውን በግራ ታክል ላይ አዋለ። የተመረጠው ጆ ቶማስ ነበር። ቶማስ 10,363 ተከታታይ ሙከራዎችን አንድም ሳያመልጠው ተጫወተ፤ በ2023 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። እንደ ግለሰብ ምርጫ ከዚህ የተሻለ መመኘት አይቻልም።

ክሊቭላንድ ግን ቶማስ በተጫወተባቸው 11 የውድድር ዘመናት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ጥሎ ማለፍ አላለፈም። በመጨረሻው ዓመት በ2017 16ቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። በእነዚያ ዓመታት ክለቡ በመጀመሪያው ዙር ሦስት ኳርተርባኮችን መርጧል፤ በ2007 ብሬዲ ክዊንን፣ በ2012 ብራንደን ዊደንን፣ በ2014 ጆኒ ማንዚየልን። ሦስቱም የተመረጡት በ22ኛ ተራ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ሦስቱም አለመሳካታቸው ግን አጋጣሚ ብቻ ነው ለማለት ይከብዳል። ከእያንዳንዳቸው በፊት 21 ተራዎች በሌሎች ተጫዋቾች ላይ ውለዋል።

ምክንያቱ በሁለቱ ቦታዎች ባሕርይ ውስጥ አለ። የኳርተርባክ ቦታ የአንድ ሰው ነው፤ እሱ ጥሩ ከሆነ ቦታው ጥሩ ነው። መስመሩ ግን የአምስት ሰው ነው፤ ተጋጣሚውም የሚፈልገው ደካማውን ነው። በአንድ ወገን የተነደለ አጥር በሌላው ወገን ቢጠነክር ከብት አይመልስም። አንድ ቀዳሚ ተራ አንድ ጠባቂ ብቻ ነው የሚያስገኘው፤ አራቱ ቦታዎች ደካማ ሆነው ከቀሩ የተገኘው ጥቅም በከፊል ይባክናል። ኳርተርባክ የሌለው ክለብ ታክል መርጦ አርፎ መቀመጥ የማይችለው ለዚህ ነው።

መስመሩን ያስቀደመ ክለብ

ዳላስ ይህንን የተረዳ ይመስላል። በ2011 ታክሉን ታይሮን ስሚዝን በዘጠነኛ ተራ፣ በ2013 ሴንተሩን ትራቪስ ፍሬድሪክን በ31ኛ፣ በ2014 ጋርዱን ዛክ ማርቲንን በ16ኛ መረጠ። በአራት ዓመት ሦስት የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ለአንድ መስመር ዋሉ። ማርቲን በተመረጠበት ቀን ያን ሁሉ ዝና የነበረው ኳርተርባክ ማንዚየል ገና አልተወሰደም ነበር፤ ዳላስ አለፈው፣ ክሊቭላንድ ወሰደው።

በ2016 ዳክ ፕሬስኮት በአራተኛው ዙር በ135ኛ ተራ ተመረጠ። ነባሩ ኳርተርባክ ቶኒ ሮሞ ከውድድሩ መጀመሪያ በፊት ስለተጎዳ ወጣቱ ሳይዘጋጅ ገባ፤ ክለቡ 13 ጨዋታ አሸንፎ ሦስት ብቻ ተሸነፈ። በጠንካራ መስመር ጀርባ የቆመ ወጣት ለማሰብ ጊዜ ያገኛል፤ ሩጫውም ስለሚሠራ ሁሉንም ነገር በእሱ ክንድ ላይ መጣል አያስፈልግም። ይሁንና ያ መስመር ዳላስን ለሻምፒዮና ግጥሚያ አላደረሰም። መስመር የማሸነፊያውን ወለል ከፍ ያደርጋል፤ ጣሪያውን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ኳርተርባኩ ነው።

ያለ ጥበቃ የሚጀምር ኳርተርባክ

በ2002 ወደ ሊጉ የገባው አዲሱ የሂውስተን ክለብ የመጀመሪያ ተራውን ለኳርተርባኩ ለዴቪድ ካር ሰጠ። ካር በዚያ አንድ ዓመት 76 ጊዜ ተጣለ፤ የሊጉ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነገር ክለቡ ስለ ጥበቃም አስቦ የነበረ መሆኑ ነው። ለአዲስ ክለቦች በተዘጋጀው ልዩ ድራፍት መጀመሪያ የወሰደው ታላቁን ታክል ቶኒ ቦዜሊን ነበር። ቦዜሊ ግን ትከሻው ተጎድቶ ስለነበር ለሂውስተን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ጡረታ ወጣ። አንድ ሰው ላይ የተመሠረተ መስመር በአንድ ትከሻ ይፈርሳል።

የኢንዲያናፖሊሱ አንድሩ ለክ ታሪክ ደግሞ የዘገየ ጥበቃ ታሪክ ነው። በ2012 መጀመሪያ ሲመረጥ በዘመኑ ካሉት ወጣቶች ሁሉ የላቀ እንደሆነ ብዙዎች ተስማምተው ነበር። ለዓመታት ደጋግሞ ተመታ፤ በትከሻ ጉዳት 2017ን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ክለቡ በ2018 ጋርዱን ክዌንተን ኔልሰንን በስድስተኛ ተራ ሲመርጥ መስመሩ ወዲያው ተለወጠ፤ ለክ በዚያ ዓመት የተጣለው 18 ጊዜ ብቻ ነው። በኦገስት 2019 ግን በ29 ዓመቱ ከጨዋታ ዓለም ወጣ። ሕመምና ማገገም ደስታውን እንደወሰዱበት ተናግሯል።

የሲንሲናቲ ጉዳይ ለአንድ ወገን ብቻ የማይፈርድ በመሆኑ ጠቃሚ ነው። ኳርተርባኩ ጆ በሮው በ2020 መጀመሪያ ተመረጠ፤ በኖቬምበር ጉልበቱ ተጎዳ። በ2021 ክለቡ አምስተኛ ተራ ሲደርሰው ታክሉ ፔኔይ ስዌል ቀርቦ ነበር፤ ክለቡ ግን ኳስ ተቀባዩን ጃማር ቼስን መረጠ። ብዙ ታዛቢዎች ስህተት ነው አሉ። በሮው በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 51 ጊዜ፣ በአንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ተጣለ፤ ያንንም ጨዋታ አሸነፈ። በሱፐር ቦውል (የሊጉ የመጨረሻ ግጥሚያ) ሰባት ጊዜ ተጥሎ 23 ለ 20 ተሸነፈ። ለፍጻሜ ያደረሰው ቼስ ነው ማለት ይቻላል፤ ዋንጫውን ያሳጣው መስመሩ ነው ማለትም ይቻላል። ስዌል በዲትሮይት ከሊጉ ምርጥ ታክሎች አንዱ ሆኗል።

ዘግይተው የሚገኙ ተጫዋቾች

ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛ ተራ ተመርጦ ሰባት ጊዜ ሱፐር ቦውል አሸንፏል። ሳን ፍራንሲስኮም ላንስን በዚያ ሁሉ ዋጋ ከወሰደ በኋላ ለፍጻሜ ያደረሰውን ብሮክ ፐርዲን ያገኘው በ2022 የመጨረሻ በሆነው በ262ኛ ተራ ነው። እነዚህ ታሪኮች ኳርተርባክ በማንኛውም ቦታ ይገኛል ለማለት ይጠቀሳሉ። ማስረጃነታቸው ደካማ ነው። የሚታወሱት ብርቅ ስለሆኑ ነው፤ በዘገየ ዙር ከተመረጡት ኳርተርባኮች አብዛኞቹ የክለባቸው ቋሚ ኳርተርባክ ሳይሆኑ ይቀራሉ።

በመስመር ተጫዋቾች ዘንድ ግን ዘግይቶ ማግኘት የተለመደ ነው። ፊላደልፊያ ለዓመታት የሊጉ ምርጥ የተባለውን ሴንተር ጄሰን ኬልሲን በ2011 በ191ኛ ተራ አገኘ። የግራ ታክሉ ጆርዳን ማይላታ ደግሞ አውስትራሊያዊ የራግቢ ተጫዋች ነበር፤ በ2018 በ233ኛ ተራ ሲመረጥ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ምክንያቱ ሊታወቅ የሚችል ነው። የጠባቂ ሥራ በአብዛኛው ይሠለጥናል፤ የእግር አቀማመጥ፣ የእጅ አጣጣል፣ ከጎን ካለው ጋር መናበብ በጥሩ አሠልጣኝ እጅ ይዳብራሉ። ወጣቱ ለሁለት ዓመት ተቀምጦ ቢማርም ማንም አይጮህም፤ ኳርተርባክ ግን ይህ ትዕግሥት አይሰጠውም። ታክልነት ብቻ ከዚህ በከፊል ይለያል፤ ያንን ቁመት ከዚያ የእግር ፍጥነት ጋር ያጣመረ ሰው ጥቂት በመሆኑ ምርጦቹ ቀድመው ይወሰዳሉ። ፊላደልፊያም የቀኙን ታክል ሌን ጆንሰንን ያገኘው በ2013 በአራተኛ ተራ ነው።

የሁለቱ ቅደም ተከተል

ካንሳስ ሲቲ በ2013 የዓመቱ የመጀመሪያ ተራ ደረሰው። በዚያ ዓመት ያን ያህል ዋጋ የሚያወጣ ኳርተርባክ አልነበረም። ክለቡ ነባሩን አሌክስ ስሚዝን በልውውጥ አምጥቶ በተራው ታክሉን ኤሪክ ፊሸርን መረጠ። በ2017 የሚፈልገውን ሲያይ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ተራ ወጥቶ ፓትሪክ ማሆምስን ወሰደ። ማሆምስ የመጀመሪያውን ዓመት ከስሚዝ ኋላ ተቀምጦ ተማረ። በፌብሩዋሪ 2020 ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። በዓመቱ ግን ሁለቱም ታክሎች ተጎድተው ስለቀሩ በታምፓ ቤይ 31 ለ 9 ተሸነፈ፤ ያ ሁሉ ችሎታ ያለው ሰው ጨዋታውን ያሳለፈው በመሸሽ ነበር። ክለቡ በ2021 መስመሩን እንደ አዲስ ሠራ፤ ሴንተሩን ክሪድ ሀምፍሪን በ63ኛ፣ ጋርዱን ትሬይ ስሚዝን በ226ኛ ተራ አገኘ፤ ጆ ቱኒ የተባለ ነባር ጋርድም ቀጠረ። በፌብሩዋሪ 2023 በሱፐር ቦውል የገጠመው ፊላደልፊያ በዓመቱ 70 ሳክ ያስቆጠረ ቡድን ነበር። ማሆምስን አንድ ጊዜ እንኳ አልጣለውም።

ከዚህ የሚወጣው ሚዛን ይህ ነው። እውነተኛ ኳርተርባክ በተራ ሲደርስ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ ዕድሉ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ላይመለስ ይችላል። እንዲህ ያለ ወጣት በሌለበት ዓመት ግን ችግር ስላለ ብቻ ኳርተርባክ መፍጠር አይቻልም፤ ታክል መምረጥ ይሻላል። ታክሉ ለሚቀጥለው ኳርተርባክም ይጠብቃል፤ ያልተሳካ ኳርተርባክ ግን ለማንም አይተርፍም። የተቀሩትን አራት የመስመር ቦታዎች በመካከለኛና በኋለኛ ዙሮች፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መሙላት ይቻላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ያለው ክለብ የሄደበት መንገድ ለዚህ ቅርብ ነው፤ በ2024 ኳርተርባኩን ጄደን ዳንኤልስን በሁለተኛ ተራ ወሰደ፣ በማግሥቱ ዓመት ነባሩን ታክል ላሬሚ ተንስልን በልውውጥ አምጥቶ ሌላ ታክል በ29ኛ ተራ ጨመረ።

ተራን መሸጥ

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የቀዳሚነት ተራን ለተቸኮለ ክለብ መሸጥ። ቺካጎ በ2023 የመጀመሪያ ተራ ነበረው። ተራውን ለካሮላይና ሰጥቶ በምትኩ ዘጠነኛ ተራን፣ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራ፣ ሁለት የሁለተኛ ዙር ተራዎችንና ኳስ ተቀባዩን ዲ.ጄ. ሙርን ተቀበለ። ካሮላይና በገዛው ተራ ኳርተርባኩን ብራይስ ያንግን ወሰደ። ቺካጎ ከዘጠነኛ ወደ 10ኛ ዝቅ ብሎ ታክሉን ዳርኔል ራይትን መረጠ። ካሮላይና በዚያ ዓመት ከሁሉ የከፋ ውጤት ስላስመዘገበ ለቺካጎ የሰጠው የ2024 ተራ የመጀመሪያው ሆነ፤ በእሱም ኬሌብ ዊሊያምስ ተመረጠ። አንድ ሽያጭ ሁለቱንም፣ ታክሉንም ኳርተርባኩንም፣ አስገኘ ማለት ነው።

ሆኖም ዊሊያምስ በመጀመሪያ ዓመቱ 68 ጊዜ ተጣለ። ራይት ከዳር ሆኖ ቢጠብቅም የመካከለኛው መስመር ደካማ ነበር። በ2025 ቺካጎ ሦስቱንም የመካከል ቦታዎች በአዲስ ሰው ሞላ፤ ከካንሳስ ሲቲ ጆ ቱኒን፣ ከሎስ አንጀለስ ጆናህ ጃክሰንን በልውውጥ አመጣ፣ ሴንተሩን ድሩ ዳልማንን ደግሞ ከገበያ ቀጠረ። ክለቡ ለዚህ ሥራ አንድም የመጀመሪያ ዙር ተራ አላወጣም፤ የዊሊያምስ ርካሽ ውል ለሦስቱ የሚከፈለውን ገንዘብ ነፃ አድርጎለት ነበር።